ጡረታ ወጥቼ የገና ሳምንት አላስተነፍስ አለኝ፤ ማንን እምቢ ልበል?

ሒሳብ ሹሙ
ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። እስቲ አንድ ነገር ምከሩኝ። ስቃችሁም ቢሆን ምከሩኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ከስምንት ወር ሆነኝ። 31 ዓመት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ገቢና ወጪ ስደምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስወጣ ዕቅዴ አጭር ነበር። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት ዳማ፣ ማታ በጊዜ አልጋ። ዳማውን እስካሁን ሦስት ጊዜ ተጫውቻለሁ። ሦስቱንም ተሸንፌያለሁ።

የገና ሰሞን ደግሞ ይብሳል። ለምን እንደሆነ ዓምና አልገባኝም ነበር። ዘንድሮ ገባኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ ሰበብ ነበረኝ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ግማሽ ዓመቱ የሚዘጋው ታኅሣሥ 30 ነው። ገና ደግሞ በ29። ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ይመጣል? "ነገ ግማሽ ዓመት እንዘጋለን" ስል የጠራኝ ሁሉ ያዝንልኝ ነበር። አንድ ጉርሻ ጎርሼ፣ ግማሽ ብርጭቆ ጠላ ቀምሼ፣ ተመርቄ እወጣለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የሚዘጋ ሒሳብ ሳይኖርም የዘጋሁበት ዓመት አለ።

አሁን ያ ሰበብ የለም። "ጡረተኛ አይደለህ እንዴ፣ ምን ሥራ አለህ?" ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ?

ሳምንቱን ልዘርዝርላችሁና ፍረዱኝ።

ነገ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድር ስብሰባ አለ። እድሩ የድሮ ሰፈሬ የጉለሌ ነው። እኔ አሁን የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሽቅብ። ሦስት ታክሲ ነው። የእድሩ ገንዘብ ያዥ የሆንኩት ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። "እሱ ጊዜ አለው" ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። እጅ እንኳን አልተቆጠረም።

ሰኞ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ጡረተኞችን ምሳ ይጋብዛል። የጾም ምሳ ነው። ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያ ለእያንዳንዳችን የቀን መቁጠሪያ ይሰጠናል። ለኔ የቀን መቁጠሪያ! ባዶ ቀን እንዳለው ሰው። ከዚያ በቀጥታ ካራ ከብት ተራ እሄዳለሁ። የቅርጫው ገንዘብ እኔ ጋ ነው። ዐሥር ሆነን ነው የምናርደው። በሬ መምረጥ አላውቅም፤ ሻኛውን ነካ አድርጌ አንገቴን እነቀንቃለሁ እንጂ የገባኝ ነገር የለም። ግን ብር የያዘው ሰው ካልቆመ ዋጋ አይቆረጥም።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 28 ገሃድ ነው። የዐማኑኤልም ቀን ነውና የጽዋ ማኅበራችን አለ። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ለማኅሌቱ ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሴው አልቆ የምንወጣው ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ዓምና መቋሚያዬን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝና ጎኔ የቆሙት አባት በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ዘንድሮ ከሳቸው ራቅ ብዬ ነው የምቆመው። ሁለት ሰዓት እንኳን ሳልተኛ ደግሞ ሲነጋጋ ቅርጫው ይታረዳል።

ረቡዕ ገና ነው። ቁርስ ቤቴ። ምሳ ታላቅ ወንድሜ ቤት። ይሄ አይነካም፤ አባታችን ካረፉ ወዲህ የገና ምሳ እሱ ቤት ነው። ከሰዓት የጎረቤት ቡና፣ ያውም የሁለት ጎረቤት። ማታ ልጄ ቤት፣ ሰሚት። የልጅ ልጄ ታኅሣሥ 16 በፈረንጆቹ ገና ዕለት ደውሎ "አያዬ፣ ስጦታዬን ገዛህ?" አለኝ። ትምህርት ቤቱ ዛፍ አቁሞ ኖሯል። "ልጄ፣ ገና ገና ነው" አልኩት። አልገባውም። አባቱ አስረድቶት ሲስቅ ሰማሁት።

ሐሙስ የልጄ አማቶች ጠርተውናል፣ አያት። ቅዳሜ ጥር 2 ሽማግሌ ሆኜ እሄዳለሁ። ይቺ ደግሞ ጡረታ ያመጣብኝ አዲስ የሥራ መደብ ናት። ደሞዝተኛ ሳለሁ ማንም ሽማግሌ አድርጎ ልኮኝ አያውቅም። ጡረታ ስወጣ ሽበቴ ሥራ አገኘ። ከዓምና ገና ወዲህ አራተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ እሺ አይባልም፣ "ተመልሳችሁ ኑ" ነው የሚባለው። አንዱ ጥሪ ሁለት ሆነ ማለት ነው። እሑድ ጥር 3 የክርስትና ልጄ አዲስ ቤት ገብቷል፣ እዩልኝ ብሏል። ትንሽ አረፍ ስል ጥር 10 ከተራ ነው።

ዓርብ ብቻ ባዶ ናት። ጥር 1 ልደታ ናት፣ ግን ጾም ነው። ገና ረቡዕ ቢውልም ይበላል፤ ለገናና ለጥምቀት የረቡዕና የዓርብ ጾም ይሻራል። ከገና በኋላ ያለውን ዓርብ ግን የሚሽርልን የለም። ዶሮ በማይበላበት ቀን ሰው የሚጠራ ደግሞ አላየሁም። ስለዚህ ዓርብ ስልኬን አጥፍቼ ልተኛ ነው ያሰብኩት።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚቆጨኝ አለ። 19 ዓመት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይተን የሠራን ጓደኛዬ ስትሮክ መትቶት ቤት ከዋለ ዓመት ሊሞላው ነው። የመስቀል ሰሞን እጠይቀዋለሁ ብዬ ቀረሁ። ለገና አልኩ፤ ይኸው ገናም ሞላ። እሱ ምን ያድርግ፣ አይጠራኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ደም ብዛት አለብኝ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ሰው ሳላስቀይም ከዚህ ዝርዝር የትኛውን ልሰርዝ? እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?


ሽንኩርት ከታፊ
ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25፣ ማታ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሬ አለ፣ ታክሲ አለ፣ መቋሚያ አለ። ሽንኩርት የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም።

እኔ 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የወጣሁት ከጥቁር ሰሌዳ ነው። ከመክተፊያው ማን ጡረታ ያውጣኝ? ለዘንድሮ ገና ሦስት ዶሮ እሠራለሁ። ለአንዱ ዶሮ ቢያንስ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ነው፣ ያንን በሦስት ያባዙት፣ ሒሳብ የእርስዎ ነው። ቁሌቱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከአጠገቡ ዞር ካሉ ያርራል። ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ ውኃው ኩልል እስኪል ድረስ እንደገና ይታጠባል። 12 ብልት ተብሎ በሥርዓቱ ይወጣል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ስልክ ይደወላል። "ነገ እንመጣለን፣ ስንት ሰው እንደምንሆን አናውቅም።"

እና እንግዳው ይመጣል። ይቀመጣል። ሁለቴ ጎርሶ "ጠግቤያለሁ፣ ከሌላ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። እኔን በዓለም ላይ እንደዚህ ዓረፍተ ነገር የሚያናድደኝ የለም። ከነጭራሹ ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውልዎ። እምቢ አይበሉ፣ ግን ቀድመው ይደውሉ። "የምመጣው ለቡና ነው" ይበሉ። ያኔ ባለቤቷም ታርፋለች፣ እርስዎም። ጥሪውን ያከበሩት እግርዎ ሲመጣ ነው እንጂ ሆድዎ ሲሞላ አይደለም።

ሌላው፣ ስለ ባለቤትዎ ሳምንት ምንም አልጻፉም። ዛሬ ማታ ይጠይቋቸው። መልሳቸውን እዚህ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።


ነርስ ነበርኩ
እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ከኅዳር 15 ጀምሮ ሽሮና ምስር የለመደ ሆድ ድንገት ቅቤና ሥጋ ሲወርድበት ይደነግጣል። ዘንድሮ አይደለም የተጀመረው። እናቶቻችን መፈሰኪያ ላይ ተልባ የሚያቀርቡት ለዚህ ነው። አንድ ብርጭቆ ተልባ ይጠጡ፣ ትንሽ ቆይተው ይቅመሱ። የመጀመሪያው ማዕድ ላይ አይዝመቱ።

የደም ብዛት መድኃኒትዎን "ለበዓል ነው" ብለው አንድም ቀን እንዳይዘሉ። ወደ ኪስዎ ያስገቡት፣ ቤት ትተውት ሰሚት አይሂዱ። ወጡን በእንጀራ ጠቀስ ያድርጉ እንጂ መረቁን አይጠጡ፣ ጨው እዚያ ነው ያለው። ሪህ ካለብዎ ሥጋውንም ጠጁንም ይቀንሱ፣ ሌሊት በጣትዎ ይነግርዎታል።

የቅርጫው ጥሬ ሥጋ ላይ ምንም አልልም። ኮሶ ይናገር።


የሰፈር ልጅ
እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ጋሼ፣ እንኳን አደረስዎ። እኔ 27 ዓመቴ ነው። ምክር ለመስጠት አይደለም፣ ዝም ብዬ ማለፍ አቅቶኝ ነው።

የኛ እድር ውስጥ እኛ ልጆቹ ድንኳን ተሸካሚ ነን። አግዳሚ እንደረድራለን፣ ውኃ እንቀዳለን። ደብተሩን ግን ማንም አይሰጠንም። አባቴ የቅርጫ ደብተር አለው፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጣበቀ። ዓምና "አባዬ፣ በስልክ ልደምርልህ?" አልኩት። እንደ ሌባ አየኝ።

እርስዎም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥሪ በዛብኝ ብለው የጻፉት በደስታ ነው። የሰሚቱን፣ የአያቱን፣ የካራውን ሲዘረዝሩ ያስታውቃል። በዛብኝ የሚል ሰው እንደዚህ አሳምሮ አይዘረዝርም። እውነት ከከበደዎ የቅርጫውን ደብተር ለአንድ የሰፈር ልጅ ይስጡት። ደምሮ ይመልስልዎታል። አይሰጡም እንጂ።


ስምንተኛ ዓመቴ
እሑድ፣ ታኅሣሥ 26፣ ማታ

ወንድሜ፣ አንተ ልበልህ፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም። ጡረታ ከወጣሁ ስምንተኛ ዓመቴ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት እኔም እንዳንተ ነበርኩ። በገና ሳምንት ዘጠኝ ቤት የደረስኩበት ጊዜ አለ። ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ ከድሮው ሰፈር ተነሥተን ኮዬ ፈጬ ገባን። ጎረቤቴ ወደ ሌላ ኮንዶሚኒየም፣ የማኅበራችን ሙሴ ወደ ልጁ ቤት፣ ሁለቱ ደግሞ ወደማይመለሱበት። ዘንድሮ ሦስት ጥሪ አለኝ። አንዱ የራሴ ልጅ ነው፣ እሱን ጥሪ ካልነው።

ይህን የምልህ ላሳዝንህ አይደለም። ከዝርዝርህ የቱን ሰርዝ እንደምልህ አጣሁ። አንዱንም አልሰርዝብህም። እግርህ ሳለ ሂድ።

ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ዓርብህ ባዶ ነው። ጓደኛህ ደግሞ ታሟል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ጽፈሃቸው እንዴት አላያያዝካቸውም? ሒሳብ ሹም ነኝ ብለሃል እኮ። የበሽተኛ ቤት ጾም ፍስክ አይጠይቅም።

ስትሄድ ደግሞ እንደኔ እንዳታደርግ። እኔ አንዱን የታመመ ወዳጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ሰዓቴን እያየሁ ሩብ ሰዓት ተቀምጬ ወጣሁ። ሰዓቴን ማየቴን አይቷል። ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ሰዓትህን ቤት ትተህ ሂድ።


ሒሳብ ሹሙ
ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27፣ ጠዋት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጊዜው አጭር መልስ ልስጥ፣ ምሳው አለብኝ።

የሽንኩርቷን እመቤት ትእዛዝ ፈጽሜያለሁ። ባለቤቴን ትናንት ማታ "ያንቺስ ሳምንት እንዴት ነው?" አልኳት። መጀመሪያ አመመህ ወይ ብላ ግንባሬን ነካችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። አራት ዶሮ ነው። ሁለቱ የቤታችን፣ አንዱ እጇን ለተሰበረችው እህቷ፣ አንዱ ለታላቅ ወንድሜ ቤት የምንወስደው። ይህን አራተኛውን እኔ አላውቅም ነበር። 31 ዓመት ሙሉ ወንድሜ ቤት የምበላው የገና ዶሮ ግማሹ ከኔው ቤት የሄደ ነው። በየትኛው መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ልየው?

ድፎ ዳቦውም አለ፣ የጽዋ ማኅበሩ ሽሮም አለ። ማታውኑ ቢላዋ ተሰጠኝ። ሦስት ኪሎ ከተፍኩ። ባለቤቴ አየችና "ይሄ ለዶሮ አይሆንም፣ ለምስር ይሁን" አለች። በደቃቁ አልከተፍኩትም ማለቷ ነው።

የሰፈሩ ልጅ፣ ነገርህ ገብቶኛል። ደብተሩን አስብበታለሁ።

ስምንተኛ ዓመትዎን የያዙት ወንድሜ፣ ለእርስዎ የምመልሰው ዓርብ ነው።


ሒሳብ ሹሙ
ቅዳሜ፣ ጥር 2 ቀን 2018

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። እንዳላችሁት አደረግሁ። ሁሉንም አይደለም።

የእድሩንና የመሥሪያ ቤቱን አልፈዋለሁ፣ እንደወትሮው ነው። ካራ ላይ በሬውን ስንገዛ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። የኔ ሥራ ጃኬቴን በእጄ ጭምቅ አድርጎ መያዝ ነበር።

የቅርጫውን ደብተር ሰጠሁ። አዎ፣ ሰጠሁት። የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ። ረቡዕ ሲነጋጋ ሥጋው በቅጠል ላይ ዐሥር መደብ ሆኖ ተደርድሯል። ሽንጡ፣ ታላቁ፣ ጎድኑ፣ ጨጓራው ሳይቀር ለሁሉም እኩል እኩል። ልጁ ከእያንዳንዳችን ምልክት ሰበሰበ። ከኔ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ከሌላው ቁልፍ፣ ከሌላው ሳንቲም። ያላየች ትንሽ ልጅ ተጠራችና በየመደቡ ላይ አንዳንድ ጣል አደረገች። ዕጣው እንዲህ ነው የሚወጣው፣ ለማታውቁት። አንድ ሰው ጎድኑ አነሰኝ ብሎ አጉረመረመ። በየዓመቱ ያጉረመርማል፣ በየዓመቱ አንደኛ ይመዘገባል። ሒሳቡን ልጁ በስልኩ ደምሮ ለሁሉም ላከ። ልክ ነበር። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ተነሥቼ በእጄ ደግሜ ደመርኩት። ለማረጋገጥ ነው። የሰፈር ልጅ፣ አትሳቅ።

ተልባውን ጠጥቻለሁ፣ ምስጋና ለነርሷ። ወንድሜ ቤት ባለቤቴ የሠራችውን ዶሮ አውቄ በላሁት። "የዛሬው ጣፈጠ" ስል የወንድሜ ሚስት ባለቤቴን አየቻት። ሁለቱም ሳቁ። ይሄ ሳቅ በየዓመቱ አለ። ምን እንደሚያስቃቸው ዘንድሮ ነው የገባኝ።

የአያቱ ግን ከሸፈብኝ። እንደተመከርኩት ማክሰኞ ደወልኩ። "ሐሙስ የምንመጣው ለቡና ብቻ ነው፣ ደክመናል፣ እባካችሁ እንዳትቸገሩ" አልኩ። "እሺ፣ እሺ፣ ለቡና ብቻ" አሉኝ። ሐሙስ ስንደርስ ቡናው ተፈልቷል። ከጎኑ ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ክትፎ። "ቡና ብቻ ብዬ አልነበር?" ስል ሴትዮዋ "ታዲያ ቡና በባዶ ሆድ ይጠጣል?" አሉኝ። "በሞቴ" ሲሉኝ አንድ ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛ። ሽንኩርት ከታፊ፣ ምክርዎ ጥሩ ነው፣ ግን የልጅ አማት ላይ አይሠራም።

ዓርብ።

ስልኬን አጠፋሁ፣ ግን አልተኛሁም። ሰዓቴን ቤት ትቼ ወጣሁ። ምን ይዤ ልሂድ ብዬ ሳስብ ብርቱካኑ ትዝ አለኝና ተውኩት። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝን የቀን መቁጠሪያ ያዝኩ።

ጓደኛዬ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ አይታዘዘውም፣ ንግግሩም ይጎተታል። መጀመሪያ ምን እንደምለው ጠፋኝ። ስለቀረሁበት ይቅርታ ልጠይቀው በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ተቀመጥኩና አልወጣልኝም። እሱም አልጠበቀኝም። የቀን መቁጠሪያውን በግራ እጁ ተቀብሎ ታኅሣሥን ገልጦ አየ። ጣቱን 30 ላይ አደረገ።

"ተ... ዘጋ?" አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ታኅሣሥ 30 ትናንት ነበር። ግማሽ ዓመቱ። 19 ዓመት ሙሉ የገናን ማግስት እኔና እሱ አንድ ክፍል ውስጥ ሻይ ደርድረን ነው ያሳለፍነው። ለሰው ሁሉ ሰበብ ነበር ብያችኋለሁ፤ ከእሱ ጋር ግን እውነት ነበር። አንድ ዓመት 50 ሳንቲም አልገጥም ብላን እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ፈልገናታል። ከኪሳችን ብንከፍላት በተገላገልን። ያ ግን ሒሳብ አይደለም፣ ማጭበርበር ነው ይላል እሱ።

"50 ሳንቲም አልገጠመችም" አልኩት።

ሳቀ። ግማሽ ፊቱ ነው የሚስቀው፣ ግን ሳቀ። ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ "ምን አልከው?" አለችኝ። ብነግራት የሚገባት አይመስለኝም።

ምሳ ሽሮ ነበር። ሁለት እንጀራ በላሁ። በሳምንቱ ውስጥ ማንም ሳያጎርሰኝ ሁለት እንጀራ የበላሁበት ቤት ያ ብቻ ነው። ስንት ሰዓት ላይ እንደወጣሁ አላውቅም፤ መብራት በርቶ ነበር። በየወሩ በመጨረሻው ቀን እመጣለሁ ብዬዋለሁ። ወር መዝጊያ ነውና። ቀን መቁጠሪያው ላይ በግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ 30ን ሁሉ አከበበ፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ እስከ ነሐሴ። ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። 5 ናት ወይስ 6 ማለቱ ነው። "ዘመኑ ማርቆስ ነው፣ 5 ናት" አልኩት። 5ን አከበበ።

ስልኬን ስከፍት 11 ያመለጠ ጥሪ ነበረኝ። ሁሉም የሽምግልናው ነው። ይቅርታ፣ ላቁም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ታች ታክሲ ይዘው ቆመው ክላክስ እያስጮሁ ነው፣ ጋቢዬን ደግሞ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኛል።